የባሎች መደርደሪያ

ማክሰኞ 4

ዛሬ ጠጥተሃል ተባልኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሻይና ከለስላሳ በቀር ምንም ያልቀመስኩ ሰውዬ!

ነገሩ የጀመረው ከጠዋቷ ተማሪዬ ነው። የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ቁጥብ፣ ጨዋ። ገና መኪናው ውስጥ ገብቼ በሩን ከመዝጋቴ መስኮቷን እስከ ታች አወረደችው። ብርድ ነበር። «ይዝጉት እንጂ» ብላት «አየር ልውሰድ ብዬ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ፊቱን ወደ ውጭ ያዞረ ሰው መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ምሰሶውን ልትገጨው ስንዝር ሲቀራት ፍሬን ያዝኩ። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪው እግር ሥርም ፍሬን አለው። እግሬ ከእሱ ላይ ስለማይነሳ ተማሪዎቹ «ጋሽ ፍሬን» ይሉኛል። ለስድብ ያወጡት ስም ነው፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ይዤዋለሁ።

ከዚያ አለቃዬ ቢሮው አስጠራኝ። በሩን ዘጋ። ወንበር ሳበልኝ። ሰውዬው ለሠራተኛ ወንበር ሲስብ አይቼ አላውቅም። «ወንድሜ፣ ሰው ነህ» አለኝ። «ወንድ ልጅ ይወድቃል፣ ይነሳል። እረፍት ከፈለግህ እንደ ያኔው እናደርጋለን። ቦታህን ማንም አይነካብህም።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ኧረ ጋሼ፣ አልጠጣሁም» ብለው «ይሁን፣ ይሁን» እያለ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ራሴን አሸተትኩ። እውነታቸውን ነው፣ አረቄ አረቄ እሸታለሁ። ሽታው ግን ከአፌ አልነበረም። ከሸሚዜ ኮሌታ ነው።

ማክሰኞ፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያኔ ሕክምና ላይ ሳለሁ አማካሪው «ሲጨንቅህ ጻፍ» ብሎኝ ነበር፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ማታ ስገባ ባለቤቴ እንደ ወትሮዋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሁለቱንም ጉንጬን ትስመኛለች፤ ጠበቅ አድርጋ፣ ሳትቸኩል። ከሕክምና ከወጣሁ ወዲህ አንድም ቀን አጓድላ አታውቅም። ባልደረቦቼ ትዳራቸው እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ሆኖባቸው ሲያማርሩ እኔ ይህቺን ስሞሽ እያሰብኩ በሆዴ እኮራለሁ። ዛሬም ሳመችኝ። ወዲያው ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩ።

ሸሚዜን የተኮሰችው ልጄ ናት። «በምን ነው ያረጠብሽው?» አልኳት። «በእማዬ የውኃ መርጫ ነዋ!» አለችኝ። ባለቤቴ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ አረንጓዴው መርጫ ከካውያው አጠገብ ቆሞ ነው የሚውለው። አንስቼ መዳፌ ላይ ረጨሁት።

ያንን ሽታ ሳላየው ከሩቅ እለየዋለሁ።

ባለቤቴ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። አየችኝ፣ አየኋት። ልጃችን አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። ከዚያ ባለቤቴ «ሸሚዝህን አውልቅና ስጠኝ፣ ልጠበው» አለች። 

ሐሙስ 6

በችኮላ ነው የምጽፈው። ተማሪ ይጠብቀኛል።

ቤቱን ፈተሽኩ። ክር ሳጥን ውስጥ አንድ ጠርሙስ። የዝናብ ቦት ጫማዬ ውስጥ አንድ (በእኔ ጫማ!)። ሁሉንም ደፋሁ። እጇን አጣምራ ቆማ ታየኛለች። «ጨረስክ?» አለችኝ። «ጨረስኩ።» «የልብስ ማጠቢያው ጀርባ ቀርቶሃል።»

በመጠጥ ጉዳይ ሰው ሁሉ የሚያማክረው እኔን ነው። የጨጓራ ኪኒኗን፣ ማስቲካዋን፣ በጊዜ መተኛቷን ሁሉ ሳይ ኖሬ አንዱንም አላየሁትም። ጋሽ ፍሬን!

ዓርብ 7

እጇ ይንቀጠቀጣል፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። «ቻይው። እኔም ችዬዋለሁ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር እኔ የቻልኩት ሐኪም ቤት ተኝቼ፣ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ፣ እሷ ራስጌዬ ተቀምጣ ነው።

ቅዳሜ 8

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደምንሰበሰብበት አዳራሽ ወሰድኳት፤ መጠጥ የተውን ሰዎች ማኅበር ነው። እኔ እዚያ ከታላላቆቹ እቆጠራለሁ፤ ስገባ ከወንበሩ የሚነሳልኝ አይጠፋም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሚስቱ ከቦይ ውስጥ ጎትታ እንዴት እንዳወጣችው ተናገረ፣ አጨበጨብን። አናጢው ደግሞ ሚስቱ ለአሠሪው «ወባ ይዞት ነው» እያለች ከሥራ ከመባረር እንዴት እንዳተረፈችው ተናገረ፣ ለእሱም አጨበጨብን።

ተራው የእሷ ሆነ። ሁላችንም የምናከብራቸው ጡረተኛው ሽማግሌ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ እናት ሆነሽ?» አሏት። ይህንን ብቻ።

ባለቤቴ ፈገግ አለች። ደንበኛ «ልኩ ጠበበ» ሲላት የምትሰጠው ፈገግታ ነው። «ኧረ አባቴ፣ እኔ እሱን አጅቤ ነው የመጣሁት» አለች። ሰው ሁሉ ተነፈሰ። «የጀግና ሚስት!» አለ አንዱ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?

ማክሰኞ 11

ተጣላን። ልጄ እንዳትሰማ ወጥ ቤት ገብተን በሹክሹክታ ነው የተጣላነው፤ የሹክሹክታ ጠብ ደግሞ ጉሮሮ ይፍቃል። ማኅበሩ ዳግመኛ እንደማትሄድ ነገረችኝ።

«ምን አጠፉ?» አልኳት።

«ምንም አላጠፉም። ሁላቸውም የሚያወሩት ማን እንዳመጣቸው ነው። ሚስቴ፣ ሚስቴ፣ ሚስቴ። እኔን ማን ያምጣኝ?»

«እኔ አምጥቼሽ የለ?»

«አንተማ ለማሳየት ነው የወሰድከኝ።» ቀጥላ የነገረችኝን ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። «አንተ ስትጠጣ ሰው ሁሉ ያዘነው ለአንተ ነው። አሁን እኔ ስጠጣም የሚታዘነው ለአንተ ነው።»

ሐሰት ነው ልል አፌን ከፈትኩና የአለቃዬ እንባ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል። የእኔ ሆድ ባባ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር፤ ዘፈኑን፣ ስድቡን፣ ለቅሶውን። እሷ ግን ጠጥታም ዝም ነው ያለችው። ዩኒፎርሙን በቀኑ ታስረክባለች። ስፌቷ እንኳ አልተጣመመም።

ሰኞ 17

ሄደች።

እኔ የታከምኩበት ማገገሚያ የሴቶች ክፍል እንደከፈተ ራሷ ጠይቃ አገኘችው፤ በእኔ ጊዜ ያልነበረ ነገር ነው። ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ከልጃችን ጋር በታክሲ ሄደች፤ «አንተ ተማሪ አለህ» አለችኝ። ስድስት ሳምንት። የተቀበለቻት ነርስ «ያለ ሐኪም እቤት ድንገት መጠጥ አቁመሽ? አንቀጥቅጦ ቢጥልሽስ ኖሮ?» ብላ ተቆጣቻት አሉ። ቁጣው ለማን እንደሆነ ገብቶኛል።

ለጎረቤት «አክስቷ ታመው ልታስታምም ሄደች» አልኩ። ለእሷ ብዬ ነው። ነገ ስትመለስ ቀና ብላ እንድትሄድ። ዩኒፎርም የሚያሰፉ እናቶች ምላስ የታወቀ ነው። ለእሷ ብዬ ነው።

እሑድ 23

የመጀመሪያው የጥየቃ ቀን። መኪናው ጣራው ላይ «ተማሪ» የሚል ቢጫ ሰሌዳ ስላለው ከማገገሚያው በር ፊት ማቆም አልፈለግሁም። ሁለት ቅያስ አልፌ ከጎማ ቤቱ ጀርባ አቆምኩት። እዚያ ጥላ አለ።

በሩ ላይ ዘበኛው ለእሷ የያዝኩትን ቦርሳ ተቀበለኝና ሳይጠይቀኝ ከኋላው ካለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ስድስት ሰባት ቦርሳ ተደርድሯል፣ በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አልኩት።

«የባሎች መደርደሪያ ነው ጋሼ። የሴቶቹ ክፍል ከተከፈተ ወዲህ ነው ያሠራነው። ባሎች ቸኩለው ይመጣሉ፣ ለእኛ ሰጥተው ይሄዳሉ። ዕቃው መሬት ላይ እየወደቀ ቢያስቸግረን ቢሮው አናጢ አስጠራ።»

«እኔም ዛሬ ቸኩያለሁ» አልኩት።

«ገባኝ» አለኝ፣ በአክብሮት።

ልጄ ገባች፣ እኔ ተመለስኩ። በአጥሩ ቀዳዳ የወንዶቹን ግቢ አየሁት። ያው ድሮ የማውቀው ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ በሚስቶች ሞልቷል፣ ፔርሙስ፣ ሳህን፣ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን። ያኔ እኔ ስታከም አንድ እሑድ እንኳ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ረቡዕ 26

ቤቱ ደህና ነው። ልጄ ጎበዝ ሆናለች፣ ሙሉውን ይዛልኛለች። ምግቡ፣ እጥበቱ፣ የደንበኞቹ ወሬ። ትናንት ሦስት ቀሚስ ራሷ ዘምዝማ አስረከበች! ዘንድሮ የማጠናቀቂያ ፈተና አለባት፤ እንቅልፍ ስለማትወድ ማታ ማታ ታጠናለች መሰለኝ።

እሑድ 30

ዛሬም አልገባሁም። ጎማዬ ተንፍሶ ነበር። ማለቴ ትንሽ የላላ ይመስላል፣ አያያዙ አላማረኝም። ከጎማ ቤት ጀርባ ቆሜ ጎማ ሳላስነፋ ብሄድ ነውር ነው። ልጄ ወጥታ «እማዬ ‹ጎማው ተሠራ ወይ?› ብላሃለች» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር።

ቦርሳውን በሩ ላይ ሳደርስ አንድ ረጅም ሰውዬ ጃኬቱን ጭንቅላቱ ድረስ ስቦ ቦርሳውን መደርደሪያው ላይ ጣል አድርጎ እየሮጠ ሲወጣ አየሁት። ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ሚስቱን አምስት ደቂቃ አያይም?

ዓርብ 5

ጉድ ፈላ። የታመመችው አክስት መጣች።

በሩ ተንኳኳ፣ ከፈትኩ። የባለቤቴ አክስት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በአንድ እጃቸው ዘንቢል በሌላው ጃንጥላ ይዘው እንደ ዋርካ ቆመዋል። «እኔ ነኝ፣ ሟቿ» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ! ይግቡ እንጂ!»

«በምን እግሬ ልግባ? አልጋ ላይ አይደለሁ? ጎረቤትህ ገበያ መሃል አግኝታኝ እኮ ጮኸች! ‹እርስዎ ተነሱ እንዴ?› ብላ ሰው ሰበሰበችብኝ። ሽንኩርቴን ጥዬ ነው የመጣሁት።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ተቀምጠው ነገሩን ከልጄ አፍ አወጡት፤ እኔንማ አልጠየቁኝም። ከዚያ ጃንጥላቸውን ወደ እኔ አቅንተው «አንተ ተኝተህ ስትታከም ቤትህን ማን ጠበቀ?» አሉኝ።

«እርስዎና እሷ።»

«ለጎረቤት ምን ብለን ነበር?»

አስታወስኩ። «ባሌ መጠጥ ሊተው ሕክምና ገባ፤ ጸልዩለት» ብላ ነበር ለሁሉም የምትናገረው፤ ቀና ብላ። እኔ ስወጣ ሰፈሩ እንደ ሙሽራ ተቀበለኝ።

«አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ሲባል አልሰማህም? ያኔ ያላፈረችብህን ሴት ዛሬ በእኔ በሽታ ትሸፍናታለህ?» አሉና ሻይ ጠየቁ። ሻዩን ልጄ አፈላች።

እሑድ 7

አክስቲቱና ልጄ ገቡ። እኔ ቦርሳውን አደረስኩ። ዘበኛው አሁን ስሜን አይጠይቀኝም፣ ቦታዬን ያውቀዋል፤ ከግራ ሁለተኛ።

ማክሰኞ 9

አማካሪዋ ደወለችልኝ። መንገድ ዳር አቁሜ አወራኋት።

«ባለቤትዎ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች» አለችኝ።

«አማራት?»

«መጠጥ አላማራትም። ደህና እየሆነች ነበር። እሑድ ልጅዎ የሙከራ ፈተናውን ውጤት ነገረቻት።»

የምን ውጤት? እኔ ስለ ውጤት የሰማሁት የለም።

«እኔ እዚህ በሁለቱም ክፍል እሠራለሁ» አለች። «ወንዶቹ ጋ ሻንጣ የሚዘጋጀው መጠጥ ሲያምር ነው። ሴቶቹ ጋ ቤት ሲጠራቸው ነው። ቤት የሚሄዱት ልጅ ሊያድኑ ነው፤ ከዚያ ቤቱ ራሱ መልሶ ወደ ጠርሙሱ ይወስዳቸዋል። እስከ እሑድ እንድትታገሥ ለምኛታለሁ። እሑድ የቤቷን ነገር የሚያረጋጋላት ሰው ገብቶ ካላናገራት ሰኞ ትወጣለች። ቦርሳ ሳይሆን ሰው።»

ቦርሳ የሚለውን ጠበቅ አድርጋ ነው ያለችው።

ማክሰኞ፣ ማታ

ልጄን ጠየቅኋት። ከክፍሏ አራተኛ ነበረች፤ አሁን ሠላሳኛ አካባቢ ናት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» ዩኒፎርም እያጠፈች ነበር፣ ቀና አላለችም። «አባዬ፣ አንተ ማገገሚያ ስትገባ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ያኔ የቤት ሥራዬን ማን ነበር የሚያሠራኝ?»

«እናትሽ።»

«ምግቡንስ?»

«እናትሽ።»

«አንተን የሚጠይቅህስ?»

ዩኒፎርሙን ከእጇ ተቀብዬ ማጠፍ ጀመርኩ። ሳጥፈው አይታ «እንደሱ አይደለም፣ ኮሌታው ወደ ላይ ነው» አለችኝ። አስተካከልኩ።

ከላይ ያለውን መለስ ብዬ አነበብኩት። «ልጄ ሙሉውን ይዛልኛለች» ብዬ ጽፌያለሁ። በኩራት! የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ቤት ተሸክማ እኔ ጎማ አስነፋለሁ። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ።

ረቡዕ 10

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ከሰዓት ያሉትን ተማሪዎች ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ አስተማሪ እንዲሰጥልኝ ጠየቅሁት።

«ምነው፣ ደህና?»

«ባለቤቴ ሕክምና ላይ ናት።»

«እግዜር ይማራት። ምን አገኛት?»

«መጠጥ።»

ፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን የት እንደገባ አላውቅም። «ሚስትህ?» አለ። ወደ በሩ አየ። «በል፣ ይህንን ለሌላ ሰው እንዳትናገር። ለስምህ ብዬ ነው።»

ለእሷ ብዬ ነው፣ ለስምህ ብዬ ነው። አንድ አፍ ነው ያለን።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ያኔ ስታከም ቦታዬን ጠበቁልኝ። ባለፈው ደግሞ የጠጣሁ መስሎዎት ወንበር ሳቡልኝ። ዛሬ ቆሜ ነው የማወራዎት።»

ያባርረኛል ብዬ ጠበቅሁ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አገላበጠ፣ አገላበጠና በመጨረሻ ተነሳ። ወንበሩን ሳበ። «ተቀመጥ» አለኝ፣ እየተነጫነጨ። «እስከ መቼ ነው የምትፈልገው?»

ቅዳሜ 13

ሾርባ አቃጠልኩ። ነጭ ሸሚዝ ከቀይ መጋረጃ ጋር አጠብኩ። ሁለት ደንበኞች መጡ፤ «ባለቤቴ መጠጥ ለመተው ሕክምና ገብታለች፤ እስክትመለስ ይታገሡ» አልኳቸው። አንዷ ጨርቋን ወስዳ ሄደች። ሌላዋ ግን በሩ ላይ ቆመች፣ ቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የት ነው ማገገሚያው? ለእኅቴ ነው» አለችኝ። አድራሻውን ጻፍኩላት። እኅት ይኑራት አይኑራት አልጠየቅኋትም።

ልጄ በሯን ዘግታ እያጠናች ነው።

ነገ እሑድ ነው። ፈርቻለሁ። ሰክሬ ፖሊስ የያዘኝ ቀን እንኳ እንደዚህ አልፈራሁም።

እሑድ 14

መኪናውን ከማገገሚያው በር ፊት አቆምኩት፣ ሰሌዳው ከነቢጫነቱ። ዘበኛው ተነስቶ እጁን ለቦርሳው ዘረጋ። «እንደተለመደው ጋሼ?»

«አይ፣ ዛሬ እኔው አደርሰዋለሁ።»

የወንዶቹን ግቢ አልፌ ነው የምሄደው። አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን እሱም ታካሚ ሆኗል፣ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ «ጋሽ ፍሬን! ማንን ልትጠይቅ መጣህ?» ብሎ ጮኸ። ግቢው ሁሉ ዞረ። ሚስቶቹም ዞሩ።

«ሚስቴን» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ቀለለኝ።

የሴቶቹ ግቢ ጠበብ ያለ ነው። ሦስት እናቶች፣ አንዲት እኅት፣ ወንድ ግን አንድም የለም። እሷ ግድግዳው ጥግ ተቀምጣለች፣ ሻንጣው እግሯ ሥር። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ጠርቷል። ካየሁት ስንት ጊዜው ነው?

«ጎማው ተሠራ?» አለችኝ።

«ጎማው መጀመሪያውኑም ደህና ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ተቀመጥኩ። ያሰብኩትን ንግግር ሁሉ ረሳሁት። የተቃጠለውን ሾርባ፣ ሮዝ የሆነውን ሸሚዝ፣ ከሰዓት ቤት መዋሌን፣ የልጃችን በር መዘጋቱን ነገርኳት። በሸሚዙ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቋረጠች።

«ደንበኞቹስ? ምን አልካቸው?»

«ታማ ሕክምና ላይ ናት አልኳቸው።»

«ምን ታማ?»

«እኔ የታመምኩትን።»

ጎናችን ያሉት እናትና ልጅ እንዳልሰሙ ሆነው እየሰሙ ነው። «እዚህ ውስጥ ስናወራ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንዷም መጠጡን አታስቀድምም። መጀመሪያ የሚመጣው ማን ያውቅብኝ ይሆን ነው፣ ልጆቼን ማን ይዞልኛል ነው። መጠጡ የሚመጣው ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው። አንተ ያኔ የመጀመሪያ ቀን ስለ መጠጡ አወራህ አይደል?»

«የመጀመሪያ ቀን።»

«ቀናሁብህ» አለች።

አለቀስኩ። ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፣ ማለትም ሳልጠጣ። እሷ ግን አላባበለችኝም፤ ደግ አደረገች። እስክጨርስ ጠብቃ ተነሳችና ሻንጣውን ያዘች። ልሸከምልሽ ብዬ ብነሳ «ወንድ መኝታ ክፍል አይገባም» አለችኝና ራሷ ይዛው ተመለሰች። ባዶ እጇን ስትወጣ እዚያው ቆሜ ጠበቅኋት።

እሑድ 21

ዛሬ ስገባ ያንን ረጅም ሰውዬ በሩ ላይ አገኘሁት። ጃኬቱን ጭንቅላቱ ድረስ ስቧል። ቦርሳውን መደርደሪያው ላይ ሊጥለው ሲል እኔ ያዝኩት።

«ምን ፈለግህ ወንድሜ?» አለኝ ደንግጦ።

«አብረን እንግባ።»

«ቸኩያለሁ። ሥራ አለኝ።»

«መኪናህን ከጎማ ቤቱ ጀርባ ነው ያቆምከው?»

ቀልቡ ተገፈፈ። «እንዴት አወቅህ?»

«ጥላ አለው» አልኩት።

አየኝ። ዘበኛው ጉሮሮውን ጠራረገ። ሰውዬው ጃኬቱን ዝቅ አደረገ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ «ምን ብዬ ነው የማናግራት?» አለ። የተቃጠለ ነገር ካለህ ከእሱ ጀምር አልኩት።

ሰኞ 29

መጣች!

አክስቲቱ ግቢው ድረስ መጥተው «በሽተኛዋ ተሻላት፣ አስታማሚዋም ዳነች» ብለው አሳቁን። ልጄ ከኋላ ተቀመጠች፣ ባለቤቴ ከፊት በእኔ የሥራ ወንበር ላይ። መስቀለኛ መንገዱ ጋ ስደርስ መኪናው በድንገት ቀጥ አለ። ሞተር ጠፋ መስሎኝ ወደ ታች አየሁ፤ እግሯ ፍሬኑ ላይ ነው።

«ፈጥነህ ነበር» አለችኝ።

«ሠላሳ ነው የነዳሁት!»

«ለካ በዚህ በኩልም ፍሬን አለ» አለች፣ ራሷን ነቀነቀች። ልጄ ከኋላ እስክታነባ ሳቀች።

መንጃ ፈቃድ ማውጣት እንደምትፈልግ ነገረችን። ደስ ብሎኝ «ነገ እንጀምር» ብላት «ከአንተ ጋር? ትዳሬን እፈልገዋለሁ» አለችኝ። አንዲት ሴት አስተማሪ ባልደረባዬ ዘንድ ትመዘገባለች።

ሐሙስ ሐሙስ ማገገሚያው ወደሚያካሂደው የሴቶች ስብሰባ ትመለሳለች፤ ራት በእኔ ነው። ገና ነው፣ ገና ብዙ ነው። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ ነገሩ ይከብዳታል። ግን ልጄ ዛሬ ሳትጠየቅ ስለ ፈተናው አወራችን።

ረቡዕ 1

ዛሬ ጠዋት ሸሚዜን ልተኩስ ተነሳሁ፤ አሁን ራሴ ነኝ የምተኩሰው። አረንጓዴውን መርጫ አነሳሁና ሳላስበው ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። ውኃ ነው። ዞር ስል በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ይቅርታ፣ እጄ ነው...» አልኩ።

«አሽትት» አለችኝ። «ምን ችግር አለው? እኔስ ሰባት ዓመት ሙሉ አሽትቼህ የለ?»

«መቼ?»

«በየማታው። በር ላይ። ጉንጭህን የምስመው ለፍቅር ብቻ መስሎህ ነበር?»

ካውያውን አስቀመጥኩ። ያንን ሁሉ ዘመን በኩራት ቤት ስገባ፣ እሷ በየማታው ልቧ እየመታ ትጠብቀኝ ነበር። ያን ማክሰኞ ደግሞ ስማኝ ፊቷ አመድ የሆነው እኔ ወደቅሁ ብላ ነው። የራሷን አረቄ ከእኔ ኮሌታ አሽትታ፣ ለእኔ ደነገጠች።

«እና ለምን ነበር የምትስሚኝ?» አልኳት፣ እንደ ሕፃን።

«ለሁለቱም» አለች። «ሁለቱም አንድ ነገር ነው።» ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሳስበው ዋልኩ። ማታ ስገባ የተማሪ ዩኒፎርም አስረክባ ገና ከወንበሯ አልተነሳችም፣ ክር በአፏ ይዛለች። ዛሬ እኔ ወደ እሷ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም ጉንጯን ሳምኳት፤ ጠበቅ አድርጌ፣ ሳልቸኩል።

ክርና ሳሙና ሸተተችኝ።